የይበልጣል መጥረጊያ

ጋሼ ይበልጣል ዐረፈ ሲሉኝ አላመንሁም፤ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ገድለነው ነበርና። ያኔ ወሬው ከሐይቁ ዳር እስከ ትልቁ ገበያ ተናፍሶ ሰዎች ጠበል በጀሪካን ይዘው ሲመጡ፣ እሱ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የኮምፒውተር አቧራ በአፉ ይነፋ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ክረምት አንድ የምናውቀው የባጃጅ ሾፌር በራችን ላይ ቆሞ «ባንቺ፣ ጋሽ ይበልጣል እኮ ዐረፈ» ሲለኝ «ደግሞ ጀመራችሁ!» ብዬ ፎቶ ኮፒዬን ቀጠልሁ። ሆስፒታል መተኛቱን አውቃለሁ፤ ልጠይቀው ሄጄ ግን ሲቀልድ ነበር የተውሁት። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ተሳፋሪ ጭኖ ሞተር የሚያጠፋ የባጃጅ ሾፌር አይቼ ስለማላውቅ እውነት መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ከጋሼ ይበልጣል ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ለሁለት ተካፍለን ለዓመታት ሠርተናል። ቤቷ ወደ ጀልባ መሳፈሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በበሩ በኩል የእኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ እሱ ኮምፒውተር የሚጠግንበት ጠረጴዛ። መሃላችን መጋረጃ እንኳ ስላልነበረ የእሱ ደንበኛ የእኔን ወሬ፣ የእኔ ደንበኛ የእሱን ጭቅጭቅ እየሰማ ይሄዳል። ሁለታችንም የዱርቤቴ ልጆች ነን። በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን «ጋሼ» ብዬ ጀመርሁ፣ በዚያው ቀረ።

አናት በሚበሳው የሚያዝያ ፀሐይ እንኳ ሹራቡን አያወልቅም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ኮምፒውተር ለእሱ «እሷ» ናት፤ ስትመጣ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አድርጎ «ምን አደረጉሽ?» ይላታል፣ ባለቤቱ እዚያው ቆሞ እየሰማ። ትሑት ሰው ነበር ብል ግን እሱ ራሱ ይስቅብኛል። ልቡ ያበጠ ነበር። ከተማው ውስጥ ካለው ጠጋኝ ሁሉ እኔ እሻላለሁ ብሎ በአደባባይ ያወራል፤ ሰው ሲታዘበው ደግሞ «ይበልጣል ያለኝ አባቴ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል።

ይህን ኩራቱን ጣሪያ ያስነካችው አንዲት ፕሮግራም ናት። ሜሞሪ ታጸዳለች፣ ያረጀ ኮምፒውተር ታፈጥናለች ተብላ ከኢንተርኔት ያወረዳት ናት። ስክሪኑ ጥግ ላይ እንደ ሰዓት ክብ ሆና ትቀመጣለች። ሜሞሪው ሲሞላ ትቀላለች። ሲጫኗት የመጥረጊያ ሥዕል ወዲያና ወዲህ ይልና ቁጥሩ ወርዶ ክቧ አረንጓዴ ትሆናለች። ጋሼ ይበልጣል ይህን ለደንበኛ ሲያሳይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን እያት» ይላል፤ አረንጓዴው ሲመጣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ አድርጎ «አየህ? ተነፈሰች!» ይላል። ሰውም አብሮ ይተነፍሳል። እያለ እያለ የጽሕፈት ቤቱ፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የልብስ ስፌቱ ኮምፒውተር ሁሉ ይህቺው ክብ ተጫነችበት። ስሟንም ሰው «የይበልጣል መጥረጊያ» አላት። እሱ እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

እኔ ነገረኛ ስለሆንሁ አንዳንዴ እነካካው ነበር።

«ጋሼ፣ የእኔዋ አረንጓዴ ሆናም ትተኛለች እኮ።»

«አንቺ ስትነኪያት ነው የምትተኛው። አያያዝ አታውቂም።»

በዚህ መሃል አንድ የግል ኮሌጅ ዲን ዝናውን ሰምተው መጡ። ከሐዋሳ የተዛወሩ፣ ረጋ ያሉ፣ ሰው አክባሪ ሰው ናቸው። የኮሌጁ ቤተ ሙከራ በአሮጌ ኮምፒውተሮች ተሞልቶ ተማሪው ሲያለቅስ ነው የሚውለው አሉ። ጋሼ ይበልጣል አንዷን አስመጥቶ መጥረጊያዋን ጫነና አሳያቸው። ዲኑ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። ከፋሲካ በኋላ ውል ተፈርሞ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሆኖ በቋሚነት ሊቀጠር፣ ከሥራው ጋር ደግሞ በኮሌጁ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት የሠራተኛ ቤት ሊሰጠው በቃል ተስማሙ።

የቤቷ ነገር ለሌላው ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። ለባለቤቱ ለእትዬ ፈንታነሽ ግን ሌላ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ በኪራይ ከሰፈር ሰፈር ሲንከራተቱ ኖረዋል፤ አከራይ ልጄን ልድርበት ነው ባለ ቁጥር ዕቃ ተሸክሞ መውጣት ነው። ግቢውን አስፈቅዳ ገብታ አይታ መጣች። ጎመን የምትተክልበትን ጥግ ለይታለች፤ አልጋው በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደሚሆን ለእኔ በእጇ እየለካች አሳይታኛለች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው በመሪጌታ ጥበቡ ምክንያት ነው። መሪጌታ በሐይቁ ዳር ካሉት አድባራት ባንዱ ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። የሟች መምህራቸውን ቅኔዎች ከየደቀ መዝሙሩ እየሰበሰቡ ይጽፉ ነበር። አንዱ ተማሪ እንዲህ ሰማሁ ያለውን ሌላው እንዲያ ሰማሁ ካለው ጋር ስለሚያስተያዩ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ከፍተው ካንዱ ወዳንዱ መሻገር ነው ሥራቸው። ያን ቀን ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ።

«ይበልጣል፣ ይች ነገር ምን ሆነችብኝ? ካንዱ ወደ ሌላው ስሻገር እንደ አዲስ ነው የምታስበው። አሁን የተውሁትን ስመለስበት የማታውቀኝ ትመስላለች።»

«አርጅታ ነው መሪጌታ። መጥረጊያዋን ይጫኗት እንጅ።»

«እሱንማ ስጫን ነው የምውል። በጫንሁ ቁጥር ትብስብኛለች።»

«የእኔዋም እንደዚያው ናት» አልሁ ከወዲህ ሆኜ።

ደሙ ፈላ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። «እንግዲያው ይለካ! ይለካና አፋችሁን ትይዛላችሁ» አለ።

ከመደርደሪያው አብረው የመጡ፣ ሜሞሪያቸውም ሃርድ ዲስካቸውም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ኮምፒውተሮች አወረደ። ባንዷ ላይ መጥረጊያዋን ጫነ፣ ሌላዋን ባዶዋን ተዋት። የመሪጌታን ፋይሎች በሁለቱም ላይ ገልብጦ፣ መሪጌታ በቤታቸው እንደሚሠሩት ሁሉ እያመላለሱ እንዲሠሩባቸው አደረገ። ሰዓት የምይዘው እኔ በስልኬ ነኝ። «እንዳታጭበረብሪ፤ አውቅሻለሁ» አለኝ። ማጭበርበር አላስፈለገኝም። መጥረጊያ የሌለባት ወዲያው ትታዘዛለች፤ መጥረጊያ ያለባት ፋይል በተቀየረ ቁጥር ቆማ ታስባለች፣ ጥጉ ላይ ክቧ አረንጓዴ ሆና እያበራች።

«ማሽኗ ናት» አለና ቦታ አቀያየረ፤ ካንደኛዋ ላይ አጥፍቶ በሌላዋ ላይ ጫነ። መሪጌታ ያለ ምንም ማጉረምረም እንደ ገና ሠሩ። ዝግመቷ መጥረጊያዋን ተከትላ ሄደች።

  ጋሼ ይበልጣል ከሰዓቱን ሙሉ በስልኩ ሲያነብ፣ ኮምፒውተሮቹን ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ። ሱቅ ልንዘጋ ስንል ነው አፉን የከፈተው።

«ባንቺ፣ ጠረጴዛሽ ላይ ያለውን ወረቀት አየሽው? የምትሠሪበትን ሁሉ እጅሽ ሥር አድርገሻል። አሁን እኔ በየደቂቃው መጥቼ ሁሉንም ሰብስቤ ቁምሳጥን ብከትብሽ ጠረጴዛሽ ጸድቶ ለሚያይ ሰው ደስ ይላል። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ወደ ቁምሳጥኑ ስትመላለሺ ነው የምትውይ። ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሜሞሪ የሚሠራው ሊያዝበት ነው፤ ባዶውን ቢቀመጥ ለማንም አይረባ። እሷ የሚያስፈልጋትን ቅርብ ታስቀምጣለች፣ መጥረጊያዋ ወደ ዲስክ ትወረውርባታለች፣ እሷ ደግሞ ተመልሳ ትለቅማለች።»

«ታዲያ ስትጭንላቸው ፈጠነችልን የሚሉት ሰዎችስ?»

«እሱ ነው እኮ የሚያቃጥለኝ። መጥረጊያዋን ስጭን አብሬ፣ ሲከፍቷት ሳይጠሩት የሚነሣውን ትርኪ ምርኪ ፕሮግራም ሁሉ እዘጋላቸው ነበር። የፈጠነችው በዚያ ነው። ምስጋናውን መጥረጊያዋ ወሰደችው።» ትንሽ አሰብ አደረገና «አንዱ የተበላሸ ፕሮግራም ሜሞሪ ይዞ አልለቅም ሲል ለጊዜው ታስተነፍስ ይሆናል። ግን ያንኑ ፕሮግራም መዝጋት ይበቃል» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ መጫኑን ተወት አድርጎ ነገሩን ያዳፍነው ነበር። እኔም እንዲያ የሚያደርግ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ በየደንበኛው መዞር ጀመረ።

ነገሩ የተዛባው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ይበልጣል የዱርቤቴ ሰው ስለሆነ ይቅርታ መጠየቅ የሚያውቀው በአንድ ቃል ነው። መድኃኒት ቤት ገባና ቆሞ «አፉ በሉኝ» አለ። በእኛ አገር ደግሞ ሳይጣላ፣ ሳይጨቃጨቅ ከመሬት ተነሥቶ «አፉ በሉኝ» ብሎ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ወይ ሊቆርብ ነው፣ ወይ ሊመነኩስ ነው፣ ወይ ሊሞት ነው። ባለ መድኃኒት ቤቷ ክው አለች።

«እግዜር አፉ ይበልህ! ምነው ጋሽ ይበልጣል፣ ምን አሉህ ሐኪሞቹ?»

«ሐኪም አይደለም፣ አጥፍቼ ነው። አሁን ደግሞ ላጥፋው ነው የመጣሁ።»

ያጠፋው ጥፋት፣ የሚያጠፋው ፕሮግራም እንደሆነ ማን ይለይለት? ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጦ ክቧን አጠፋ፣ ሳይጠሩ የሚነሡትን ፕሮግራሞች አስተካከለ፣ ወጣ። እሷ ስልኳን አንሥታ ለእኅቷ ደወለች። ልብስ ስፌቱም እንደዚያው ሆነ፤ ሰፊው እያለቀሰ ነው አሉ የሸኘው። ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ይበልጣል በማይድን በሽታ ተይዞ ሰውን እየተሰናበተ ነው አለ። የዱርቤቴ ዘመዶቹ በሚኒባስ ተጭነው ከች አሉ። ጠበሉም በጀሪካን የመጣ ያኔ ነው።

«ደኅና ነኝ እኮ!» እያለ ይጮሃል። «ስለ ኮምፒውተር ነው!»

«እሱስ ይሁን፣ ብቻ ቅመሳት» ይሉታል።

እኔ ጥግ ይዤ በሣቅ ልሞት ነው። እሱ በንዴት እየተንጨረጨረ ከሦስት የተለያዩ አድባራት የመጣ ጠበል ጠጣ። ምን ያድርግ፣ እምቢ ማለት ነውር ነው።

መጨረሻ ላይ የቀረው ኮሌጁ ነበር። ፈተና አባዝቼላቸው ስለነበር ያን ላደርስ አብሬው በባጃጅ ሄድሁ።  ዲኑ በደስታ ተነሥተው ተቀበሉን፤ እሱ አልቀመጥም አለ።

«ዶክተር፣ አፉ ይበሉኝ።»

ዲኑ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩ። «አፉን ምን ሆነ? አመመው እንዴ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ማለቱ ነው» አልኋቸው።

ሁሉንም ነገራቸው። ያን ቀን ያሳየሁዎት ቁጥሩ መውረዱን እንጅ ማሽኗ መፍጠኗን አይደለም አለ። ሜሞሪ የሚጨመርለት ይጨመርለት፣ ዲስኩ የሚቀየር ይቀየር፣ የቀረውን እኔ አስተካክላለሁ፤ መጥረጊያዋ ግን አትገባም አለ። ዲኑ በትዕግሥት ሰሙት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እስከ ዛሬም አልቀየምኋቸውም።

«አቶ ይበልጣል፣ እኔ ለቦርዱ ያቀረብኩት ያለ ምንም አዲስ ዕቃ ያፋጥናቸዋል ብዬ ነው። ይሠራል ያሉኝ እርስዎ፣ አይሠራም የሚሉኝም እርስዎ። የትኛውን ይበልጣል ልመን?»

«የዛሬውን» አለ።

ዲኑ ፈገግ አሉ። ከፋሲካ በኋላ ግን ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ሰውየው መጥረጊያዋን በየኮምፒውተሩ ጫናት፣ መምህራኑም አረንጓዴውን ወደውታል ተባለ። ቤቷም አብራ ሄደች።

እትዬ ፈንታነሽ ወሬውን የሰማችው ከሰው ነው። ሱቅ ስትገባ እኔ ልወጣ ብዬ ነበር፤ በሩ ላይ ስለቆመች ማለፊያ አጣሁ።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው። «አንድ ሰው ጠየቀህ? ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ማንም።»

«ከተማውን ሙሉ አፉ በሉኝ ብለህ አዳረስኸው። ለእኔ ብቻ ሳይደርሰኝ ቀረ።»

ከወንበሩ ተነሣ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በሹራቡ ጠረገው። እሷም ቆማ አልጠበቀችውም። ለብዙ ጊዜ ምሳውን እንኳ በሰው ነው የምትልክለት። ቤት ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ እሱም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁ። የማውቀው በዚያው ዓመት እንደ ገና ቤት ለቅቀው ዕቃ ሲያወርዱ እሱ ፍራሹን ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ ይዘው ተሸክመው ሲገቡ ማየቴን ነው።

የመጥረጊያዋ ስም ግን ከሰው አፍ አልጠፋም። ሰው ከዚያም በኋላ በሩ ላይ ቆሞ «የይበልጣል መጥረጊያ እዚህ ነው?» ይላል። ጋሼ ይበልጣል «የለችም» ሲለው «ኧረ አለች ብለውኝ ነው!» ይላል። ቁጭ አድርጎ ያስረዳል፤ ግማሹ ይሰማል፣ ግማሹ ተነሥቶ እዚያ ማዶ ያለው ሱቅ ሄዶ ያስጭናል። ባስረዳሁ ቁጥር ደንበኛ ነው የምቀንስ እያለ ይስቅ ነበር። ሣቁ ናፍቆኛል። ኩራቱም ናፍቆኛል፤ ያ ኩራት ከዚያ በኋላ ትንሽ እንኳ አልቀነሰም፣ «በዚህ ከተማ መሳሳቱን የለካ ጠጋኝ ማን አለ?» ብሎ ደግሞ በዚያ ይጎርርብን ነበር።

በቀብሩ ዕለት ዝናቡ ካፊያ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት የእድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪኩን ሊያነብ ወጣ። እትዬ ፈንታነሽ በጥቁር ልብስ ፊት ለፊት ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ሰው ሁሉ ይፈራላት ነበር። ጸሐፊው ልደቱን፣ ትዳሩን አነበበና ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «በተለይም ኮምፒውተርን የምታፈጥነውን፣ በስሙ የይበልጣል መጥረጊያ እየተባለች የምትጠራውን ፕሮግራም ለከተማችን በማበርከት...»

«አይደለም!» አለች።

ጸሐፊው ቆመ። ሴቶቹ ኀዘኑ አእምሮዋን ያናወጠው መስሏቸው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ያዟት። እጃቸውን አስለቀቀች።

«አልቀወስሁም። አጠፋት እንጅ! በገዛ እጁ ከየቤቱ ዞሮ አጥፍቷታል። ቤቴን ያጣሁባትን እኔ አላውቅም? አጠፋት ብላችሁ አንብቡለት!»

 ከቄሶቹ መሃል መሪጌታ ጥበቡ ቀስ ብለው ወደ ፊት መጡ። «ልጄ፣ አርምና አንብብ» አሉት ጸሐፊውን።

ጸሐፊው ኪሱን ዳብሶ ብዕር አወጣ። እኔ ጃንጥላ ያዝሁለት፣ ወረቀቱን መሪጌታ ጀርባ ላይ አስደግፎ ሰረዘና ጻፈ። ሕዝቡ በካፊያው ቆሞ ጠበቀው። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ገና አነበበ፤ እዚያ ቦታ ሲደርስም «እንደማትጠቅም በለካ ጊዜ በየቤቱ ዞሮ ያጠፋት፣ ሰውንም አፉ በሉኝ ያለ» አለ። እትዬ ፈንታነሽ እስኪጨርስ ሰማችው። «አፉ ብያለሁ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች።